ጋሽ ይርዳውና የሙት ዓመቱ ዓሦች

ጋሽ ይርዳው ማረፋቸውን የሰማሁት አርባ ምንጭ ውስጥ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለችልኝ ጎረቤታቸው «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ፣ የሥጋ ልጃቸው የሆንኩ ይመስል። ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ጓሯቸው ባለችው ሰርቪስ ቤት ለዓመታት የኖርኩ ተከራያቸው ነኝ፤ ሌላ ዝምድና የለንም። ነጂው በመስተዋቱ አየት አደረገኝና «ምነው እናት፣ ደህና አይደለሽም?» አለኝ። «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኩት። ድምፄ የለቀስተኛ ድምፅ አልሆነለትም መሰለኝ፣ ዳግመኛ ዞሮ አየኝ። ተናድጄ ነበር። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንደ ሰው ሁሉ ደግ ደጉን ሳወራ ዋልኩ። እዚህ ግን ሌላውንም አወራለሁ። አንቱታውን አልተውም፤ ለአንቱታ የሚበቁ ሰው ነበሩ። ለሌላው ነገር አልበቁም።

ጋሽ ይርዳው ጎጃም ተወልደው፣ በጎረምሳነታቸው በመምህርነት አርባ ምንጭ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። «የሚመጣው ዓመት ተቀይሬ እሄዳለሁ» ሲሉ ሲሉ ርዕሰ መምህር ሆኑ፣ ሲሉ ሲሉ ጡረታ ወጡ። ሲቀላ ውስጥ በእሳቸው ትእዛዝ ፀሐይ ላይ ያልተንበረከከ ጎልማሳ ማግኘት ይከብዳል። ገበያ ስንወጣ ትልልቁ ነጋዴ ሁሉ ሲያያቸው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከት ነበር።

ጡረታ ወጥተውም የተማሪ ሰልፉ ነገር አልለቀቃቸውም። ቤት ውስጥ ንግግራቸውን የሚጀምሩት «ማሳሰቢያ» ብለው ነው። «ማሳሰቢያ፤ በጓሮ በር የሚወጣ ማንኛውም ሰው በሩን ይዝጋ።» ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ስንሆን እንኳ «ማንኛውም ሰው» ነው የምባለው። ፊቴን አዙሬ እስቃለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቃቸውን ሰው አይወዱም። እኔን የታገሡኝ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው፤ «ባልደረባ ስለሆንሽ ነው» ይሉኛል፣ ትልቅ ሹመት የሰጡኝ ያህል።

ሚስታቸው እትዬ ዘነበች የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነበረች። ሐይቅ እያየች ያደገች ሴት ሲቀላ መሀል በቆርቆሮ አጥር ተከባ መኖር አልሆንልሽ አላት። ጓሮውን አስቆፈረች፣ ጥቁር ፕላስቲክ አስነጠፈችና ኩሬ አሠራች። ከጫሞ አስጋሪዎች የቆሮሶ ጫጩት አምጥታ ለቀቀችበት፤ ያ ከተማው ውስጥ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርበው የሐይቁ ዓሣ ነው። ጋሽ ይርዳው «የዘነበች ባሕር» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም «አንተ ሰው አስተምር፣ እኔ ዓሣ ላስተምር። የእኔዎቹ አይረብሹም» ትላቸዋለች። ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየኋቸው በእሷ ነገር ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች በሁዳዴ አረፈች፣ ሙቀቱ ሰውን አናቱ ላይ በሚመታበት ሰሞን። ጾም ነውና የሚታረድ የለም፣ ለቀስተኛው ሽሮና ክክ በላ። ከዘመዶቿ አንዱ ድንኳኑ ጥግ ሆኖ «ለዘነበች፣ ሽሮ?» ሲል ጋሽ ይርዳው ጆሯቸው ገባ። ሰውየው ክፉ አስቦ ያለው አይመስለኝም። የእትዬ ዘነበች እጅ ሰፊ ነበር፣ ቤቷ የገባ ሰው ሳይጠግብ አይወጣም፤ እሱን ማለቱ ነው። ጋሽ ይርዳው ግን ያቺን የሰውየውን ቃል ዋጧት፣ ውስጣቸውም ቀረች። ሙት ዓመቷም ያው በጾም ነው የሚውለው። «የዛሬ ዓመት ዓሣ ነው የማበላው» አሉኝ። «ያውም ከራሷ ኩሬ። ዘነበችን ዳግመኛ በሽሮ አላስባትም።» የንስሐ አባታቸው በዐቢይ ጾም ዓሣም አይበላም ብለው ተቆጧቸው። «ለእርስዎ ሽሮ ይቀርብልዎታል አባቴ፤ ለሌላው እኔ እጠየቅበታለሁ» አሏቸው። በዚሁ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ኩሬው የእትዬ ዘነበች መጫወቻ መሆኑ ቀረ። ሌላ ጫጩት አስመጡ፣ እንደገና ሌላ አስመጡ። «አልበዛም ጋሽ ይርዳው?» አልኳቸው። «በዝቷል» አሉ። «እንግዳውም ይበዛል።» ማነሱን እንጂ መብዛቱን የሚፈሩ አልሆኑም።

ግን ተንከባከቧቸው፣ እሱን አልክድም። ጥር አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ኩሬው ላይ በሙዝ ቅጠልና በጆንያ ዳስ ሠሩ። ግማሹን ብቻ ነው የሸፈኑት፤ ውኃው ጨርሶ ፀሐይ ካጣም ይበላሻል ይላሉ። ጠዋትና ከሰዓት እጃቸውን ኩሬው ውስጥ ነክረው ጉንጫቸው ላይ ይለጥፉታል፣ የልጇን ትኩሳት እንደምታይ እናት። የቧንቧ ውኃ በወረፋ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን በርሜሎቹን ሞልተው ሳይከድኑ ያሳድሩታል፣ የመድኃኒቱ ሽታ እስኪተን። ከዚያ በምስማር በተበሳሳ ቆርቆሮ ከፍ አድርገው ያንጠባጥቡላቸዋል፤ ጠብታው አየር ይዞ ይወርዳል። ልብሴን ላጥብ ብቅ ስል «ማሳሰቢያ፤ ሳሙና ከማንጎው ወዲህ እንዳይታይ» የሚል ድምፅ ይመጣል።

በምግቡ ነገር ግን ተጣላኋቸው። ሙቀቱ ሲጀምር የሚሰጧቸውን ቀነሱ፣ በጣም የጋለ ቀን ደግሞ ጭራሽ ነፈጓቸው። «በረሃብ ሊፈጇቸው ነው እንዴ?» ስላቸው «ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ውኃ ሲሞቅ አየር መያዝ ያቅተዋል» አሉ፣ በጣታቸው መሬት ላይ መስመር እየሳቡ። «ዓሣ ሲበላ ደግሞ አየር ይበዛበታል፣ አይበቃውም። ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ የተረፈችውን አየር ይጨርሳታል። የሚብሰው ንጋት ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀስ እያለ ይሻለዋል። ዓሣ ውኃው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ብታዪ ራበው እንዳትይ። ታፍኖ ነው። ያን ጊዜ ውኃ እንጂ እህል አይሰጡትም።»

እንዴት ያሉ አስተማሪ እንደነበሩ ያን ቀን ገባኝ። ጠመኔ ብቻ ነው የጎደላቸው። ታዲያ ይህን ምራቅ እስኪዋጥ የሚያልቅ ትምህርት ከእኔ ሌላ ለአንድም ሰው አልነገሩም። ለሌላው ሁሉ «አትንኩ» ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ የሰው ልጅ አስተምረህ አሳድግ ተብሎ ደመወዝ የተከፈለው ሰው፣ ለገዛ ቤተሰቡ ማስረዳት ክብሩን የሚቀንስበት ለምንድን ነው? ይሄን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፣ ከእንግዲህም አይመልሱልኝም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የእትዬ ዘነበች ታናሽ እህት፣ እትዬ አየለች፣ ከምዕራብ ዓባያ መጣች። ፕሮቴስታንት ናት፣ እነሱ ዘንድ ሙት ዓመት የሚባል ነገር የለም። «የእህቴ ነው» ብላ ትልቅ ድስቷን አሸክማ መጣች እንጂ። ዝምተኛ ናት፤ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። ገና ከበር ስትገባ ጋሽ ይርዳው «ማሳሰቢያ፤ ኩሬው ጋ እንዳትደርሺ» አሏት። «እሺ ጋሼ» አለች። እሷም ለምን አላለች፣ እሳቸውም አልነገሯት።

የድግሱ ዋዜማ ንጋት ላይ ነው። ዓሣው የዚያን ቀን ማታ ሊወጣና ሊታረድ ተቆርጦለታል፤ አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የእትዬ አየለች ድምፅ ነው። በጋሞኛ ታባብላለች፣ ልጅ ይዛ ማን መጣ ብዬ ወጣሁ። ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብላለች። ዓሦቹ አንድም ሳይቀር ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። እሷ ለኩርኩፋ፣ ለዚያ ተድቦልቡሎ ለሚቀቀል የጋሞ ምግብ፣ ከሀላኮ ቅጠል ጋር ልትቀቅለው ያቦካችውን የበቆሎ ሊጥ ከሳፋው እየቆረሰች ትወረውርላቸዋለች።

«ሰናይት፣ ነይ እዪው፣ እንዴት ርቦታል» አለችኝ። «የእህቴ ዓሣ በእህቴ ድግስ ጾሙን ይደር?»

ድግስ ቤት ውስጥ የተከፈተ አፍ አይታ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት እስቲ ከሀገራችን አምጡልኝ። እኔም ካልተነገረኝ ያንኑ ነበር የማደርገው። እጇን ያዝኩና «ተይ እትዬ አየለች፣ አልራባቸውም» አልኳት። ወደ በርሜሎቹ ሮጥኩ። ሞልተዋል። በዚያ ቆርቆሮ እየቀዳሁ ማንጠባጠብ ስጀምር ጋሽ ይርዳው ወጡ። ኩሬውን አዩ፣ ሊጡን አዩ፣ እሷን አዩ። እንኳን ሊረዱኝ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ዓሦቹ እየተጋደሙ መጡ። ረፋድ ላይ ነጭ ሆዳቸው ኩሬውን ሸፈነው። ድንኳን ሊተክሉ የመጡት የእድር ሰዎች፣ ሽንኩርት ሊልጡ የመጡት ሴቶች፣ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ቆሟል። ገና ትንፋሽ ያላቸውን መርጠን እንጥበሳቸው ያለም ነበር። «ዘነበችን በበክት አላስባትም» አሉ ጋሽ ይርዳው። ፒክአፕ ፈልገን ከጫሞ ገዝተን እናምጣ አልናቸው። «ከእሷ ኩሬ ነው ያልኩት» አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ አየለች ዞሩ። ጮኸው ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀስ ብለው፣ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ቃሉን ለይተው፣ «እህትሽን ሁለተኛ ገደልሽብኝ» አሏት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

እትዬ አየለች ሊጥ የያዘ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። በማግስቱ ለዚያ ሁሉ እንግዳ ሽሮ የሠራችው እሷ ናት። አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ ባዶ ድስቷን ይዛ ሄደች።

አንዳንድ ሰው ቁጣው እንደ ጎርፍ መጥቶ እንደ ጎርፍ ይሄዳል። የጋሽ ይርዳው ቁጣ ረጋ ያለ ነው፣ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ስልኳን አያነሱም። ስሟን አይጠሩም፤ «ያቺ ሰው» ነው። ወሬው ደግሞ እግር አወጣ፣ ምዕራብ ዓባያ ድረስ ወረደ። የእህቷን ሙት ዓመት ያጠፋች ተባለች። ጉባኤዋም ውስጥ «መጀመሪያስ ሙት ዓመት ምን ልታደርግ ሄደች?» ያላት አልጠፋም። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፣ «ጋሼ ደህና ናቸው? ልባቸው አልራራም?» ትላለች። ምን እንደምመልስላት ይጨንቀኛል። አንድ ቀን «ዓሣ መብላት ተውኩ፣ አይወርድልኝም» አለችኝ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከች። የጋሞ ሽማግሌ እንዲህ ለከበደ ነገር ሲመጣ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ ነው የሚንበረከከው። ሳር ይዞ የተንበረከከለትን ሽማግሌ እምቢ የሚል ሰው የለም፤ ካለም ከሰው አይቆጠርም። ጋሽ ይርዳው ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስንቱን ጠብ ራሳቸው በዚሁ ሥርዓት አስታርቀዋል። ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን ሲሰሙ የግቢውን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

«ይክፈቱላቸው እንጂ ጋሽ ይርዳው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሳሩን ይዘው ፊቴ ከተንበረከኩ እምቢ ማለት አልችልም» አሉኝ። «ስለዚህ አልከፍትም።»

እኔ ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ እኚያ ሽበታም ሰዎች በዚያ ፀሐይ የተቆለፈ ብረት ፊት ተንበርክከዋል። ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋሽ ይርዳው ሳሎን ገብተው ሬድዮ ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ሲበቃቸው ሳሩን በሩ ሥር ትተው ሄዱ፣ ማታ ፍየል በላው። አፍሬ ለአንድ ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም። እሳቸውም ምነው አላሉኝም። ኩሬው ያን ጊዜ ደርቆ ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አላስነሱትም፣ ውኃም አልጨመሩበትም።

እንዲህ ሆነው ኖሩ። ያረጁት በዚያች ዓመት ነው ባይ ነኝ። በመጨረሻው ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። ሾርባ እየያዝኩ እመላለስ ነበር። አንድ ከሰዓት ሾርባውን ገፉትና «ሰናይት» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ብርቅ ነው፣ ቀና አልኩ።

«አየለች አልገደለቻቸውም።»

ሾርባውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ከእሷ ቀድሜ ተነስቼ ነበር። አየኋቸው፣ አፋቸውን ከፍተዋል። በርሜሎቹ ሞልተዋል፣ ግን የድግሱ ውኃ ነው፤ የቧንቧው ወረፋ ገና ነው። ያን ሁሉ ሰው ምን አጠጣለሁ አልኩ። ፀሐይ እስክትወጣ ይችሉታል ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ኩሬው ያን ሁሉ ዓሣ እንደማይችልም አውቅ ነበር። ሊጧን ባትወረውርም ያልቁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አሏት?»

«አንዴ ከአፌ ወጣ። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«ሽማግሌ ሲመጣስ? በሩን ሲቆልፉስ?»

አልመለሱልኝም። ተማሪያቸውን እንደዚያ ቢጠይቁትና ዝም ቢል ፀሐይ ላይ ያወጡት ነበር። «አሁን ልደውልላት» አልኩና ስልኬን አወጣሁ። «ትምጣ፣ ከእርስዎ አፍ ትስማ። ነገ ጠዋት ትደርሳለች።» እጄን ያዙኝ። ያን ሁሉ ጎረምሳ ያንበረከከ እጅ ላብ በላብ ነበር።

«እኔ ካለፍኩ በኋላ ንገሪያት» አሉ። «አደራ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ሄጄ አንስቼባቸው ነበር፤ እንቅልፍ የያዛቸው ይመስላሉ፣ ዓይናቸው ግን ከቆቡ ሥር ይንቀሳቀሳል። ሰው እንዴት እየሞተ እንኳ ያፍራል? የኖርነው ለሰው ዓይን፣ የምንሞተውም ለሰው ዓይን። አንዱን ቀን ተናድጄ ሾርባውን ለአጠገባቸው በሽተኛ ሰጥቼ ወጣሁ።

ለቅሶው ላይ እትዬ አየለች ከሁሉም ቀድማ ነው የደረሰችው። አልቅሳላቸዋለች፣ ከልቧ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ ስለ ጋሼ ታወራለች፦ እህቷን እንዴት እንደሚወዷት፣ ለስንት የዘመድ ልጅ ደብተር እንደገዙ። ሰው ቀለል ሲል አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩና አደራዬን አራገፍኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ንጋቱን፣ በርሜሎቹን፣ ተመልሰው መተኛታቸውን። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እያፍተለተለች ሰማችኝ። የምታለቅስ፣ የምትገላገል መስሎኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዓመት ሸክም የማወርዳት መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነገረሽ?» አለች። አንተ ስትላቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሆስፒታል እያሉ።»

«መናገር ይችል ነበር? ስልክ መያዝ ይችል ነበር?»

«ይችሉ ነበር።»

አንገቷን ነቀነቀች። ድንኳኑ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ፎቷቸው ቆሟል፣ በከረባት። ወደዚያ ዞረች።

«ይቅር ብዬው ነበር» አለች። «ዓሣውን እኔ ገደልኩበት፣ እህቴን እኔ አዋረድኩበት፣ ቢጠላኝ እውነቱን ነው እያልኩ፣ በየጸሎቴ ይቅር ብዬው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቀላል ነበር።» ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ሳበችና አጠለቀች። «አሁን እንደገና ይቅር በይው ትይኛለሽ? ይሄኛውን አልችልም፣ ሰናይት። ይሄኛውን ራሱ መጥቶ መጠየቅ ነበረበት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ማንንም አልተሰናበተችም። የምዕራብ ዓባያ ሚኒባስ ወደሚቆምበት በኩል ታጠፈች፤ እኔ ጎረቤቶቹ መጥተው እህል ቅመሺ እስኪሉኝ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።